ጊቺን በምሳ አልጠፋችም፦ ስለ ጄኔራል ክላም-ጋላስ ለተሰራጨው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ይሄ ስለ ኦስትሪያው ጄኔራል የተጻፈ ነገር ከግሩፕ ግሩፕ ሲዞር ከረመ። እኔ ጋ ብቻ ከአምስት ሰው ደርሶኛል፣ ከአምስቱ ሦስቱ ደግሞ "አንተ ፕራግ ነህ አይደል፣ እስቲ እየው" ብለው ነው የላኩልኝ። አየሁት። እውነት ለመናገር አጻጻፉ ይጥማል፣ ከጀመርኩት በኋላ ሳልጨርስ አላስቀመጥኩትም፣ ቡናዬ ቀዘቀዘ። ያናደደኝም ይሄው ነው፣ እንዲህ የሚጽፍ ሰው ትንሽ ቢያጣራ ምን ነበረበት ብዬ።

ላላነበባችሁት ባጭሩ። ባለታሪኩ ካውንት ኤድዋርድ ክላም-ጋላስ ናቸው፣ ማርች 14 ቀን 1805 ፕራግ ተወልደው ማርች 17 ቀን 1891 ቪየና ያረፉ የኦስትሪያ የፈረሰኛ ጄኔራል (ዓመቱን በፈረንጅ፣ ሰዓቱን ግን በኛ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ)። ጽሑፉ የሚለው፣ አንደኛ፣ ሰውዬው ጄኔራል የሆኑት በዘርና በሀብት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ 1859 ጣሊያን ውስጥ ሲሸነፉ ብቃት እንደሌላቸው ቀድሞ ታውቆ ነበር። ሦስተኛ፣ 1866 ከፕሩሲያ ጋር በነበረው ጦርነት ጊቺን የምትባለውን ከተማ ያስወሰዷት ምሳ ላይ ተጎልተው ነው። አራተኛ፣ የአውሮፓ ምርጥ የሚባለውን ፈረሰኛ ጦር ይዘው አልተጠቀሙበትም፣ ኦስትሪያም በዚህ ምክንያት ጦርነቱን በወሰነው የኮኒግግሬትስ ውጊያ ላይ ወደቀች። አምስተኛ፣ የጦር ፍርድ ቤቱ በነጻ የለቀቃቸው ባላባት ስለሆኑ ነው። ጠቅለል ሲል፣ አንድ ሆዳም ሰው አንድ ትልቅ መንግሥት አዋረደ ነው ነገሩ። አሳጥሬ አበላሽቼው ከሆነ ጸሐፊው ያርሙኝ።

እኔ ክላም-ጋላስ ጀግና ናቸው ልል አይደለም የመጣሁት። መካከለኛ ጄኔራል ነበሩ፣ በቃ። የ1866ን ሽንፈት እሳቸው ላይ መጫን ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። አህያው ሌላ ቦታ አለ፣ እደርስበታለሁ።

ከዘሩ ልጀምር፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሀብታም ነበሩ ወይ? ኧረ በጣም! መሃል ፕራግ ሁሶቫ በሚባለው ጠባብ መንገድ ላይ የቤተሰቡ ቤተ መንግሥት አለ፣ በሮቹን ግራና ቀኝ የተሸከሙት ማቲያስ ብራውን የቀረጻቸው ግዙፍ የድንጋይ ሄርኩለሶች ናቸው፣ መንገዱ ከመጥበቡ የተነሳ ሙሉ ቤቱን ላያ ያለ ሰው ማዶ ካለው ግድግዳ ጋር ጀርባውን መለጠፍ አለበት። እኔ መጀመሪያ ሳየው ቤተ ክርስቲያን መስሎኝ ነበር። ሰሜን ቦሄሚያ ውስጥ (ቦሄሚያ የዛሬዋ ቼክ ምዕራባዊ ክፍል ናት) ደግሞ የፍሪድላንድና የራይሸንበርግ ርስት የነሱ ነበር። ፍሪድላንድ የታወቀው የጦር አዛዥ የዋለንሽታይን ነበረች፣ ዋለንሽታይን 1634 ሲገደል ለጄኔራል ማቲያስ ጋላስ ተሰጠች፣ የጋላስ ዘር ሲቋረጥ ክላሞች ወረሱና ስሙ ክላም-ጋላስ ሆነ። እናታቸው ጆሴፊን ክላሪ ገና ልጃገረድ ሳሉ፣ 1796 ላይ፣ ቤትሆቨን ራሱ አንድ የዘፈን ድርሰት አበርክቶላቸዋል። የሚስታቸው እህት ያገባችው ደግሞ ሜንስዶርፍን ነው፣ 1866 ላይ የኦስትሪያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረውን ሰው። ማለትም ጦርነቱ ሲነሳ የአገሪቱ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርና ቦሄሚያ ያለው ጦር አዛዥ እህትማማች ያገቡ ሰዎች ናቸው። ከዚህ በላይ ባላባትነት ከየት ይመጣል? በዚህ አልከራከርም፣ ያለ ዘሩ እዚያ ደረጃ በዚያ ፍጥነት ባልደረሰ ነበር ቢሉኝ እሺ ነው የምለው።

"ብቻ" የምትለዋ ቃል ናት የማትዋጥልኝ። ሰውዬው 1823 ነው ሠራዊት የገቡት፣ ሜጀር ጄኔራል የሆኑት 1846 ነው፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቆይተው። 1848 ሰሜን ጣሊያን ሲያምጽና የፒዬድሞንት ንጉሥ ሲዘምት በ81 ዓመቱ ሽማግሌ በራዴትስኪ ስር ብርጌድ ይዘው ሳንታ ሉቺያ ላይ፣ ቪቼንሳ ላይ፣ ኩስቶዛ ላይ ተዋግተዋል፣ በዚህም የማሪያ ቴሬዛን ወታደራዊ ኒሻን አግኝተዋል። (አዎ፣ አያቶቻችን በጠገራ ብር ላይ ፊቷን ሲያዩ የኖሩት ያቺው ማሪያ ቴሬዛ ናት፣ ኒሻኑን ያቋቋመችው እሷ ነች።) ይሄ ኒሻን ለቤተ መንግሥት ሰው ደረት ማሳመሪያ የሚታደል አይደለም፣ ደንቡ ዘርና ሃይማኖት አይታይም ይላል፣ ማን ይገባዋል የሚለውን የሚመረምረው ቀድሞ ያገኙት መኮንኖች የሚቀመጡበት ጉባኤ ነው። ያን ጊዜ ኦስትሪያ ውስጥ ባላባት ሞልቷል፣ ይሄን ኒሻን ያገኘው ግን ጥቂት ነው። ዘር በሩን ከፈተላቸው፣ ሳንታ ሉቺያ ላይ ግን ዘር ጥይት አይመልስም።

የ1859ኙ ብዙ አያቆየንም። ጸሐፊው ማጀንታና ሶልፌሪኖ ላይ ክላም-ጋላስ ስለተሸነፉ ከዚያ በኋላ ኮር (ብዙ ብርጌድ የያዘ ትልቅ የጦር ክፍል) ሊሰጣቸው አይገባም ነበር ይላሉ። ማጀንታ ላይ፣ ጁን 4 ቀን፣ የሳቸው ኮር ከቦሄሚያ በባቡር እየመጣ ነበር፣ ጠዋት ላይ በእጃቸው የነበረው አንድ ክፍለ ጦር ነው፣ የቀረው ገና መንገድ ላይ ነው። ዋና አዛዡ ጊዩላይ ነበሩ፣ ከዚያ በኋላ የተሻሩትም እሳቸው ናቸው። ሶልፌሪኖ ላይ፣ ጁን 24 ቀን፣ ጦሩን ያዘዙት ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ ራሳቸው ናቸው። ያ ውጊያ ሄንሪ ዱናንት የቆሰለውን አይቶ ቀይ መስቀልን ያሰበበት ውጊያ ነው፣ ስንት ጄኔራል አብሮ እንደተሸነፈ አስቡት። በጸሐፊው ሚዛን ከሄድን ከ1859 በኋላ ኦስትሪያ አንድም ጄኔራል፣ እንዲያውም አንድም ንጉሠ ነገሥት አይተርፋትም። ግን 1859ን በልባችሁ ያዙልኝ፣ ቆይቼ እመለስበታለሁ፣ ትልቁ ነገር ያለው እዚያ ነው፣ ጸሐፊው ግን አልፈውት ሄዱ።

አሁን ወደ ምሳው።

መጀመሪያ ቦታውን እናስተካክል። 1866 ጁን ላይ ዋናው የኦስትሪያ ጦር ከጠቅላይ አዛዡ ከቤኔዴክ ጋር ሞራቪያ ኦልሙትስ ነበር፣ ወደ ቦሄሚያ የተንቀሳቀሰው በኋላ ነው። ክላም-ጋላስ አንድ ኮር ይዘው ከፊት ኢዘር ወንዝ ላይ ቀሩ። ጁን 16 ፕሩሲያዎች ሳክሶኒ ሲገቡ የሳክሶኒ ጦር ሸሽቶ መጥቶ ተቀላቀላቸው፣ በበላይነት እንዲያዝም የሳክሶኒው አልጋ ወራሽ አልበርት ተሾመ፣ ማለትም ክላም-ጋላስ ከዚያ በኋላ ብቻቸውን ወሳኝ አይደሉም። ይሄን ጽሑፉ ጭራሽ አያነሳውም። ሁለቱ አንድ ላይ 60,000 ገደማ ናቸው። የመጣባቸው የፕሪንስ ፍሪድሪሽ ካርል ጦርና የኤልብ ጦር የሚባለው ተደምሮ 140,000 ገደማ ነው። ፕሩሲያዎቹ ከጁን 23 ጀምረው ድንበር ሲሻገሩ ደግሞ ቀድመው ከያዟቸው ቦታዎች ውስጥ ፍሪድላንድና ራይሸንበርግ አሉበት፣ የራሳቸው የካውንቱ ርስት። ሰውዬው የራሳቸው ቤት በጠላት እጅ ሲገባ እያዩ ነው ወደ ኋላ ያፈገፈጉት። ፍሪድላንድ ባለፈው ዓመት ሄጃለሁ፣ ቤተሰቡ ግንቡን ከ1801 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት አድርጎታል፣ ከግንቡ ሆኖ ወደ ሰሜን ሲያዩ ድንበሩ እዚያው ነው፣ ለመከላከል የሚያስችል ምንም ነገር የለም። "ሆዱን እንጂ አገሩን አያስብም" የሚለው ዓረፍተ ነገር እዚያ ቆሜ ቢላክልኝ ምን እንደምል አላውቅም።

እና ጊቺን፣ ጁን 29። ውጊያው የተጀመረው ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ያኔ ብርጌዶቹ ቦታቸው ላይ ነበሩ፣ ከከተማዋ በሰሜን በኩል ኮረብታዎቹና አይዘንሽታት ላይ፣ በምዕራብ ሎኾቭ ላይ የሪንግልስሃይም ብርጌድ፣ ሳክሶኖቹ ዲሌትስ መንደር ላይ። ሁለት የፕሩሲያ ክፍለ ጦሮች በሁለት መንገድ መጡባቸው፣ አንዱ ከቱርናው አንዱ ከሶቦትካ። የአንደኛው አዛዥ ቱምፕሊንግ ራሱ ቆሰለ። እስኪመሽ ድረስ መስመሩ አልተሰበረም። ጸሐፊው አንድ ነገር ይመልሱልኝ፣ አዛዡ ምሳ ላይ ተጎልቶ ጦሩ ያልተዘጋጀ ከነበረ ይሄ ሁሉ ብርጌድ በሰዓቱ ኮረብታው ላይ ማን አወጣው? በልተው ይሆናል፣ ማን የማይበላ አለ፣ የኦስትሪያ ባላባት ደግሞ ማዕዱ ረጅም ነው። ግን የዚያ ቀን ጉዳይ ምሳው አይደለም፣ አንዲት ወረቀት ናት።

ቤኔዴክ ቀደም ብለው ወደ ጊቺን እየመጣሁ ነው ብለው ነበር፣ እነ ክላም-ጋላስና አልበርትም ጊቺንን ይዘው ለመጠበቅ የወሰኑት ይሄን አምነው ነው። ከዚያ በሌላው በኩል እነ ስካሊትስ ላይ ነገር ሲበላሽ ቤኔዴክ ሐሳባቸውን ቀየሩ፣ አልመጣም፣ እናንተ ኑና ተቀላቀሉኝ፣ ከሚበልጣችሁ ጦር ጋር አትግጠሙ የሚል አዲስ ትእዛዝ ጻፉ። ቤኔዴክ ካሉበት ከዮሴፍሽታት እስከ ጊቺን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትእዛዙን የያዘው መኮንን ጊቺን የደረሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት አልፎ ነው፣ ውጊያው ከተጀመረ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ከሆነው በኋላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንላለን፣ ይሄ እንዲያውም ጅቡ እጅህን በአፉ ይዞ ሳለ "ከጅብ ጋር አትጋጠም" ብሎ እንደመምከር ነው። በጨለማ፣ ጠላት አንገት ለአንገት ይዞህ፣ ፊትህን አዙረህ ውጣ ማለት ምን እንደሆነ ወታደር የነበረ ያውቃል። ሳክሶኖቹ ዲሌትስን ለቀቁ፣ መስመሩ ተከፈተ፣ ማታ ፕሩሲያዎቹ ከተማዋ ውስጥ ገቡ፣ ጠባቧ ከተማ ውስጥ ጋሪ፣ መድፍ፣ ቁስለኛ፣ እግረኛ ተደባለቀ። የኦስትሪያና የሳክሶኒ ኪሳራ 5,500 ገደማ፣ የፕሩሲያ 1,500 ገደማ።

እዚህ ላይ የማምነው አለ፣ ጸሐፊው ያላነሷቸውን ሁለት ነገሮች ልጨምርላቸው እንዲያውም። የማታው ማፈግፈግ በጣም መጥፎ ነው የተመራው፣ ማን በየት መንገድ ይውጣ የሚለው ለብዙ ክፍል በጊዜ አልደረሰም፣ ይሄ የክላም-ጋላስና የስታፋቸው ጥፋት ነው፣ ቤኔዴክ ላይ አይላከክም። ሁለተኛ፣ ያን ቀን ጊቺን ላይ በእርግጥ የተዋጉት ሁለት የፕሩሲያ ክፍለ ጦሮች ብቻ ስለሆኑ "ቁጥር በለጠን" የሚለው ሰበብ ለኢዘሩ ዘመቻ ይሠራል እንጂ ለጁን 29 አይሠራም። ሰውዬውን መክሰስ የፈለገ ሰው ግን ምሳ ድረስ መሄድ የለበትም፣ ከሦስት ቀን በፊት ቱርናው አለችለት። ጁን 26 ቱርናው የኢዘር መሻገሪያ ሆና ሳለች ባዶ ተተወች፣ ፕሩሲያዎች ያለ ውጊያ ሰተት ብለው ገቡ። በዚያው ቀን ከሰዓት "ሙንሸንግሬትስንና ቱርናውን በማንኛውም ዋጋ ያዙ" የሚል የቤኔዴክ ቴሌግራም መጣ፣ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነና የለቀቁትን ለማስመለስ በዚያው ሌሊት ፖዶል ድልድይ ላይ ውጊያ ተከፈተ።

ፖዶልን ቀረብ ብለን እንየው፣ አህያው ያለው እዚያ ነው።

ጨረቃ አለ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ድልድዩም። የኦስትሪያ እግረኛ ሳንጃ ደግኖ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ በጅምላ ወደ ድልድዩ ይገፋል፣ ከነዚህ ውስጥ ከሁለት ዓመት በፊት ዴንማርክ ላይ ባሳየው ጀግንነት "የብረት ብርጌድ" የተባለው አለበት። ፈሪ ሰው የለም። በነሱ እጅ ያለው ሎሬንስ የሚባል ከአፈሙዝ የሚጎረስ ጠመንጃ ነው፦ ወረቀቱን ቀዳዶ ባሩዱን በአፈሙዙ ማፍሰስ፣ ጥይቱን ማስገባት፣ በዘንግ ጠቅጥቆ ማውረድ፣ ዘንጉን መመለስ፣ ትንሿን የመቀጣጠያ ቆብ መግጠም፣ መተኮስ። ይሄን ሁሉ ቆሞ ነው፣ ተኝቶ ዘንግ አይወርድም። ሰልፍ ውስጥ በደቂቃ አንዴ ቢበዛ ሁለቴ። ማዶ ያለው ፕሩሲያዊ የያዘው ድራይዘ ነው፣ "የመርፌ ጠመንጃ" የሚሉት፣ ከኋላ ይከፈታል፣ ይጎረሳል፣ ይዘጋል፣ መሬት ላይ በሆዱ ተኝቶ በደቂቃ አምስት ጊዜ ይተኩሳል። በጥቂት እርምጃ ርቀት፣ በዚያ ጠባብ መንገድ፣ ጅምላ ሰው ላይ። ኦስትሪያ 1,000 ሰው ገደማ አጣች፣ ግማሽ ያህሉ ምርኮኛ፣ ፕሩሲያ 130 ገደማ።

ይሄ ቁጥር የክላም-ጋላስ ብቻ ቢሆን ጸሐፊውን እሰማቸው ነበር። ግን በማግስቱ ጁን 27 ከዚያ ርቆ በምሥራቅ ናኾድ ላይ ጄኔራል ራሚንግ 5,700 ገደማ አጥተው ፕሩሲያ 1,100 ገደማ አጣች። ራሚንግ የሠራዊቱ ብሩህ ጭንቅላት የሚባሉ ሰው ናቸው፣ ምሳ ወዳድ ያላቸው የለም። በዚያው ቀን ትራውተናው ላይ ጋብሌንስ አሸነፉ፣ ቦሄሚያ ውስጥ ብቸኛው የኦስትሪያ ድል፣ ኪሳራቸው 4,800 ገደማ፣ የተሸነፈው ጠላት 1,300 ገደማ! አሸንፈህም ከሦስት እጥፍ በላይ ሰው ታጣለህ። ታዲያ ይሄ የአንድ ጄኔራል ሆድ ነው? ባላባቱም፣ ምሁሩም፣ አሸናፊውም እኩል ነው የሚያልቀው።

እዚህ ጋ ነው 1859ን በልባችሁ ያዙ ያልኩት። ኦስትሪያ 1859 ላይ ይሄንኑ ሎሬንስ ይዛ ነበር፣ ጥሩ ጠመንጃ ነው፣ ከድራይዘ ይልቅ ሩቅ ይመታል፣ ግን ጥይቱ ወደ ላይ ጎብጦ ነው የሚሄደው፣ ርቀቱን በትክክል ገምቶ ማስተካከያውን ያላዛመደ ወታደር ከሰው አናት በላይ ነው የሚተኩሰው፣ ወታደሩ ደግሞ ለዚያ አልሰለጠነም። ፈረንሳዮቹ በሳንጃ ሮጠው ከጥይቱ ስር ገቡ፣ አሸነፉ። ከዚያ ኦስትሪያ ምን ተማረች? "ተኩስ ልምምድ እናብዛ" አላለችም፣ "ፈረንሳይ በሳንጃ አሸነፈን፣ እኛም በሳንጃ እንግባ" አለች። ሙሉ ሠራዊቱ በጅምላ ገጥሞ በሳንጃ መግባትን ደንብ አደረገ። ከኋላ የሚጎረስ ጠመንጃ እንግዛ የሚለው ሲነሳ ደግሞ ገንዘብ የለም፣ ወታደሩም ጥይት ያባክናል ተባለ። ይሄን የወሰነው ቪየና ነው፣ ክላም-ጋላስ አይደሉም። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ 1867 ላይ እነዚያኑ ሎሬንሶች ቬንስል በሚባለው ዘዴ ከኋላ እንዲጎርሱ አስቀየሯቸው። ገንዘቡ ከየት መጣ?

ለእኛ አንባቢ ይሄ እንግዳ ነገር መሆን የለበትም። ከፖዶል ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 10 ቀን 1868፣ እሮጌ ላይ እንግሊዞች ስናይደር የሚባለውን ከኋላ የሚጎረስ ጠመንጃ ይዘው የቴዎድሮስን ጦር ገጠሙ። ፊታውራሪ ገብርዬ ከመቅደላ ቁልቁል ወርደው እዚያው ወደቁ፣ 700 ገደማ ሰው አለቀብን፣ እንግሊዝ በቁስል የሞቱባት ሁለት ናቸው። አንድ ፈረንጅ ተነስቶ "እሮጌ የተሸነፋችሁት ገብርዬ ምሳ ስለወደዱ ነው" ቢለን ምን እንላለን? ልዩነት አለው፣ አውቃለሁ፣ የኛዎቹ ብዙዎቹ ጦርና ጎራዴ ነበር የያዙት፣ ኦስትሪያ ግን በመድፍ ከፕሩሲያ ትበልጥ ነበር። ግን ጅምላ ሆኖ ፈጣን ጠመንጃ ላይ መሮጥ ምን እንደሚያመጣ ለእኛ የሚያስረዳን አያስፈልግም።

የፈረሰኛው ነገር። ጸሐፊው "የፈረሰኛ ጄኔራል" የሚለውን አይተው ሰውዬው ፈረሰኛ ጦር ይመሩ የነበረ መስሏቸዋል፣ ሙሉ ክፍሉን የገነቡትም በዚያ ላይ ነው። ይሄ ማዕረግ ነው! ኦስትሪያ ውስጥ ከፊልድ ማርሻል ቀጥሎ ያለው ማዕረግ ከፈረሰኛ ለመጣ ሰው "የፈረሰኛ ጄኔራል" ይባላል፣ ከእግረኛና ከመድፈኛ ለመጣው "ፌልድሶይግማይስተር" (ቃል በቃል የጦር መሣሪያ ኃላፊ እንደማለት)፣ ቤኔዴክ ያ ነበሩ። በዚያ ሚዛን ከሆነ ቤኔዴክ መድፍ ቤት ጠባቂ ነበሩ ማለት ነው። ክላም-ጋላስ 1866 የያዙት ኮር በብዛት እግረኛ ነው፣ አብሯቸው የነበረውን ቀላል ፈረሰኛ የሚመራው ኤደልስሃይም ነው፣ ጎበዝ ሰው፣ ጁን 26 ሊበናው ላይ ፕሩሲያዎችን ሲያዘገይ የዋለው እሱ ነው፣ ስለዚህ ፈረሰኛው ቁጭ ብሎ አልዋለም። ደግሞስ ጊቺን አካባቢ ፈረሰኛ የት ይጋልብ? ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያሉት የፕራኾቭ የአሸዋ ድንጋዮች ዛሬ ሰው በመሰላል ወጥቶ ፎቶ የሚነሳባቸው ናቸው፣ እኔ በእግሬ ስወጣ ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ነበር፣ ፈረስማ ተዉት።

ጸሐፊው ፈረሰኛ ሲሠራ ማየት ከፈለጉ ግን አለ፣ በዚያው ጦርነት። ጁን 24 ጣሊያን ውስጥ ኩስቶዛ ላይ (ጣሊያን ያኔ ከፕሩሲያ ጎን ነበረች) የኦስትሪያው የፑልስ ፈረሰኞች ቪላፍራንካ ጋ ሜዳ ላይ ገብተው ሁለት የጣሊያን ክፍለ ጦሮችን ባሉበት አስቀሯቸው፣ ሜዳ ስለነበር ነው። ጁላይ 3 ኮኒግግሬትስ ላይም ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ የሆልሽታይንና የኩደንሆፈ ፈረሰኞች ሽትሬሴቲትስ ጋ ራሳቸውን አስገብተው ሲሸሽ የነበረውን ሠራዊት አተረፉት፣ መድፈኞቹም መጨረሻ ድረስ ሲተኩሱ ነበር።

ኮኒግግሬትስ ካልን ደግሞ፣ የጽሑፉ ትልቁ ስህተት እዚህ ነው። ክላም-ጋላስ ኮኒግግሬትስ ላይ አልነበሩም! ከጊቺን በኋላ ተሽረዋል። ኮራቸውን የያዘው ጎንድረኩር ነው፣ ያንን የብረት ብርጌድ ዴንማርክ ላይ ራሱ የመራ፣ በድፍረቱ የታወቀ፣ ቆራጥ ወታደር። (አልጋ ወራሹን ልጅ ሩዶልፍን ለማጠንከር ተብሎ አስተማሪ ተደርጎ ተመድቦ በሽጉጥ ተኩስ እየቀሰቀሰ ልጁን ያሳመመው ሰውዬም እሱ ነው፣ በዚህ ተባረረ።) ማለትም ጸሐፊው የሚመኙት ሆነ፣ ለምሳ የማይቀመጥ አዛዥ መጣ። ከሰዓት በኋላ ጎንድረኩር ያንኑ ኮር በጅምላ፣ በሳንጃ፣ ወደ ኽሉምና ሮዝበሪትስ ሰደደው፣ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ 10,000 ሰው ገደማ ሞተ፣ ቆሰለና ተማረከበት። ክላም-ጋላስ ከፖዶል እስከ ጊቺን ባሉት ቀናት ሁሉ ያጡት እንኳን እዚህ አይደርስም። ሰውየው ተቀየረ፣ ጠመንጃውና ደንቡ አልተቀየሩም። በዚያ ቀን ጠቅላላ የኦስትሪያና የሳክሶኒ ኪሳራ 44,000 ገደማ፣ የፕሩሲያ 9,000 ገደማ።

የቀረው ፍርድ ቤቱ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ያሸተቱት ነገር አለ፣ አልክድም። ክላም-ጋላስ የጦር ፍርድ ቤት ቀርበው በነጻ ወጡ፣ የጌቶች ምክር ቤት አባልነታቸው እንዳለ ቆየ፣ ጦር ግን ዳግመኛ አልተሰጣቸውም። ቤኔዴክ ደግሞ የሾፕሮን ሐኪም ልጅ፣ ፕሮቴስታንት፣ በራሱ ወጥቶ የደረሰ ሰው፣ ምርመራው በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሲቋረጥ ዝም እንዲል ቃል አስገቡት፣ ቃሉን ከሰጠ በኋላ ግን ዲሴምበር ላይ በመንግሥት ጋዜጣ ላይ ስሙን አጠፉት። አልመለሰም። 1881 ግራትስ ላይ ሲሞት በዩኒፎርም እንዳይቀበር ተናዝዞ ነበር። አንዱ ባላባት፣ አንዱ የሐኪም ልጅ፣ አያያዛቸው አንድ አይደለም፣ እዚህ ድረስ አብረን ነን።

ግን ቤኔዴክ ስለተበደለ ክላም-ጋላስ ጥፋተኛ ይሆናል? ችሎቱ የጠየቀው ሰውዬው ትእዛዝ ጥሷል ወይ፣ ግዴታውን ትቷል ወይ ነው፣ ትእዛዙ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ የደረሰው ሰው ደግሞ ትእዛዝ ጥሷል ማለት ይከብዳል። ጸሐፊው ስለ ቤኔዴክ ለብቻው ቢጽፉ መጀመሪያ ሼር የማደርገው እኔ ነኝ፣ የሚያስለቅስ ታሪክ ነው፣ ብዕሩም አላቸው። ያኔ ግን ያቺን ወረቀት ዘግይቶ የጻፋት ማን እንደሆነ ጭምር ይጻፉልን።